ሥዕል ሲቀደድ፦ ጥበብ፣ ህመም ወይስ ጥፋት? እንዴት እንደምለይ

አንድ ሰው ሙዚየም ገብቶ ሥዕል ቀደደ፣ ሾርባ ደፋ፣ ሐውልት በመዶሻ መታ የሚል ዜና በወጣ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። አምስተርዳም ውስጥ የሙዚየም ጥበቃ መሆኔን የሚያውቁ ወዳጆቼ ቪዲዮውን ይልኩልኛል። ከስሩ ያለው አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። «እብድ ነው።» «ይሄም አርት ሊባል ነው?» «እሰሩት!» ቪዲዮው ሳያልቅ ፍርዱ ያልቃል።

እኔ ቀኑን ሙሉ ሥዕል አጠገብ ቆሜ የምውል ሴት ነኝ። እዚህ ሳልመጣ አዲስ አበባ ሥዕል ተምሬያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉኝ፤ ቅደም ተከተላቸውም ለውጥ ያመጣል። እነሱን ነው የማካፍላችሁ። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ደግሞም የሌላ ሰውን ሥራ ያለ ፈቃድ ያጠፉ ሰዎችን ስም፣ ከአንዲት ሴት በቀር፣ አልጽፍም። ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው ጠይቁ

ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው ሰውዬው ላይ ነው። ምን ለብሷል? ምን ብሎ ጮኸ? ጤነኛ ይመስላል? ይሄ ይቆይ። ቀድማችሁ ጠይቁ፦ የተበላሸው ነገር የማን ነበር? ባለቤቱ እሺ ብሏል?

በ1953 ሮበርት ራውሸንበርግ የሚባል ገና ስሙ ያልወጣ አሜሪካዊ ሰዓሊ ወደ ቪለም ደ ኩኒንግ ስቱዲዮ ሄደ። ደ ኩኒንግ በትውልዱ የሮተርዳም ልጅ ነው፤ ያኔ ግን ኒውዮርክ ውስጥ አንቱ የተባለ ሰዓሊ ሆኗል። ወጣቱ የመጣው «አንድ ሥዕልህን ስጠኝና ላጥፋው» ሊል ነው። ደ ኩኒንግ ሐሳቡን አልወደደውም። ግን ገባው። ሲሰጠውም የማይረባውን አልመረጠም። ቢጠፋ የሚቆጨውን፣ ለማጥፋትም አስቸጋሪ የሆነውን መርጦ ሰጠው። ራውሸንበርግ ሳምንታት ፈጅቶ፣ ብዙ ላጲስ ጨርሶ አጠፋው። ወረቀቱ ዛሬ ሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ አለ። የድሮው መስመር ጥላ አሁንም ትንሽ ትንሽ ይታያል። ይሄ ማጥፋት ነው። ግን ሁለት ሰዎች የተስማሙበት ነው፤ አጥፊውም ለሚያጠፋው ነገር ክብር ነበረው። እኔ ጥበብ ነው እላለሁ።

ከዚህ የሚከብደው የአይ ዌይዌይ ነው። በ1995 ይሄ ቻይናዊ አርቲስት 2,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሃን ዘመን ሸክላ በሁለት እጁ ያዘና ለቀቀው። ሦስት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ቀሩ። ያደገው አሮጌው ሁሉ ይጥፋ በተባለበት የባህል አብዮት ዘመን ነው። አባቱ ገጣሚው አይ ቺንግ ከነቤተሰቡ በግዞት ኖሯል። ስለዚህ ሸክላውን ሲለቅ ምን እያሳየን እንደሆነ ይገባኛል። ግን ልቤ አይረጋም። ሸክላው የራሱ ንብረት ነበር፤ እሺ። 2,000 ዓመት የኖረን ዕቃ ግን አንድ ሰው «የእኔ ነው» ብሎ መጨረስ ይችላል? የብራና መጻሕፍታችን ቅጠል እየተገነጠለ ለውጭ ሰው የተሸጠብን እኛ ይሄን ጥያቄ በደንብ እናውቀዋለን። ንብረት መሆኑና የአንድ ሰው ብቻ መሆኑ ይለያያሉ።

በ2014 ደግሞ ማያሚ በሚገኝ ሙዚየም አንድ የአካባቢው ሰዓሊ አይ ዌይዌይ በቀለም ከነከራቸው ጥንታዊ ሸክላዎች አንዱን አንስቶ ወለሉ ላይ ከሰከሰው። ከጀርባው እነዚያ ሦስት ፎቶግራፎች ተሰቅለው ነበር። ሙዚየሙ የአገሬውን ሰዓሊዎች ችላ ብሏል፣ ለዚያ ነው አለ። አይ ዌይዌይ ራሱ አልደገፈውም። ፍርድ ቤትም 18 ወር አመክሮ፣ 100 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና 10,000 ዶላር ካሳ ፈረደበት። የእጁ እንቅስቃሴ ከፎቶግራፉ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው ሸክላው የሌላ ሰው መሆኑ ላይ ነው።

ቀጥሎ ምን እንደቀረ እዩ

ከድርጊቱ በኋላ የምናየው፣ የምናስበው አዲስ ነገር አለ? ወይስ ቀዳዳ ብቻ ነው የቀረን?

ማንነቱን የደበቀውን እንግሊዛዊ ሰዓሊ የባንክሲን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2018 ለንደን ሶዝቢስ ጨረታው እንዳለቀ ሥዕሉ ከራሱ ፍሬም ውስጥ በተደበቀ መቁረጫ ወደ ታች እየተሰነጣጠቀ ወረደ፤ ግማሽ ላይ ቆመ። ሲሸጥ 1.04 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። በ2021 በ18.6 ሚሊዮን ገደማ ተሸጠ። እኔን ብዙም አይነካኝም። ማንም ምንም አላጣበትም።

የሚነካኝ ጉስታቭ ሜትስገር ነው። በ1926 ጀርመን፣ ኑረምበርግ ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በ1939 ልጆችን ለማዳን ወደ እንግሊዝ ከተጓጓዙት ጋር ተረፈ፤ ወላጆቹ ግን ተገደሉ። አድጎ ሰዓሊ ሆነ። ዓለም በኑክሌር ቦምብ ራሷን ልታጠፋ በምትዘጋጅበት ዘመን ሥዕል እንደ ድሮው ተስሎ ግድግዳ ላይ መሰቀሉ አልዋጥልህ አለው። በ1961 ለንደን ውስጥ፣ ቴምዝ ወንዝ ዳር፣ የጋዝ ጭንብል አድርጎ በተወጠረ ናይለን ላይ አሲድ ረጨ። ጨርቁ እየቀለጠ ሲቀደድ ከጀርባው ያለው ከተማ በቀዳዳው ብቅ አለ። ናይለኑን ራሱ ነው የወጠረው፤ የማንንም ዕቃ አልነካም። ሰው በግፍ እንዴት እንደሚጠፋ በራሱ ቤተሰብ ያየ ሰው ነው። እዚህ ላይ ማጥፋቱ ራሱ የሚናገረው ነገር አለው።

ምክንያት መኖሩና ጥበብ መሆኑ ለየቅል ናቸው

ማርች 10 ቀን 1914 ሜሪ ሪቻርድሰን የምትባል ሴት ለንደን ናሽናል ጋለሪ ገብታ የቬላስኬዝን የቬነስ ሥዕል በሥጋ መጥረቢያ ደጋግማ መታችው። ለሴቶች የመምረጥ መብት ከሚታገሉት አንዷ ናት። የትግሉ መሪ ኤመሊን ፓንክኸርስት ከአንድ ቀን በፊት ታስራ ነበር። ለምን እንዳደረገችው በግልጽ ተናገረች፤ ስድስት ወርም ተፈረደባት። ስሟን የምጽፈው በትግሏ ታሪክ የገባች ስለሆነች፣ ያደረገችውንም በስሟ ቆማ ስለተናገረች ነው። እብድ አልነበረችም። ጥበብ ሠራሁ አላለችም። ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ሥዕሉ ግን የበደላት ነገር የለም። እነዚህን አራት ዓረፍተ ነገሮች አንድ ላይ መያዝ ትችላላችሁ። አንዱን ለማዳን ሌላውን መጣል የለባችሁም።

በኦክቶበር 2022 እዚያው ጋለሪ ውስጥ ለአየር ንብረት የሚታገሉ ሁለት ወጣቶች የቫን ጎግ ሱፍ አበባዎች ላይ የቲማቲም ሾርባ ሲደፉም እንደዚሁ ነው። ሥዕሉ መስታወት ነበረው፤ የተጎዳው ፍሬሙ ነው። ቪዲዮው ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የምትፈልጉት ይሄን ነው፦ መስታወት አለ ወይስ የለም?

«እብድ ነው» ከማለታችሁ በፊት

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ታናሽ ወንድሜ የአእምሮ ህመም አለበት። አማኑኤል ሆስፒታል ብዙ ተመላልሷል፤ ጠበልም ወስደነዋል። ወንድሜ ይስላል። በእስክሪብቶ፣ በደብተር ጀርባ፣ የሰፈራችንን ጣሪያዎች ቆርቆሮ በቆርቆሮ ይስላል። ሰው ሲያይለት «እብደቱ ነው እንዲህ የሚያስለው» ይላል። እኔ አብሬው ኖሬያለሁ። ሲያመው እርሳስ አይነካም። የሚስለው ሲሻለው ነው። የማንንም ነገር ሰብሮም ቀዶም አያውቅም።

ስለ ቫን ጎግም የሚነገረው ተመሳሳይ ነው። ጆሮውን ቆረጠ፣ ስለዚህ ሊቅ ነው። እሱ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ያነበበ ግን ሌላ ነገር ያያል። ከሜይ 1889 ጀምሮ አንድ ዓመት ሳን ሬሚ በሚባል ቦታ ህመምተኞች በሚታከሙበት ተቋም ኖሯል። ህመሙ ሲነሳበት ቀለም እስከመብላት ደርሶ ነበር፤ ለጊዜው ቀለም እንዳይሰጠው ተከልክሏል። የሠራው ሲረጋጋ ነው። በጃንዋሪ 1890 መጨረሻ ወንድሙ ቴዮ ወንድ ልጅ ወለደ። ቫን ጎግ ለሕፃኑ ያበበ የአልመንድ ቅርንጫፍ በሰማያዊ ሰማይ ላይ ሣለለት። ወዲያው ታመመ። ሲያገግም የዛፎቹ አበባ ሊያልቅ ደርሷል። ባልታመም ሌሎች ያበቡ ዛፎችንም እስል ነበር ብሎ ለወንድሙ ጻፈ። ህመሙ ሥዕል አልሰጠንም። ሊሣሉ የነበሩ ሥዕሎችን ወሰደብን።

ታዲያ ታመው ያጠፉስ? አሉ። በ1972 የጰራቅሊጦስ ዕለት ቫቲካን ውስጥ አንድ ሰው «ኢየሱስ ክርስቶስ ነኝ» እያለ የማይክል አንጄሎን ፒዬታ የተባለ የእመቤታችን ሐውልት በመዶሻ መታ። የእመቤታችን ክንድ ተሰበረ፣ አፍንጫዋና የዓይኗ ቆብ ተጎዳ። አልተከሰሰም፤ ወደ ህክምና ነው የተወሰደው። አንድ ጀርመናዊ ደግሞ ከ1977 ጀምሮ፣ ባለቤቱ ከሞተች በኋላ፣ ከ50 በላይ የጥበብ ሥራዎችን አበላሸ፤ አብዛኛውን በአሲድ። በ1988 ሙኒክ ውስጥ ሦስት የዱረር ሥዕሎች ላይ አሲድ ረጨ። በ2006 እዚህ አምስተርዳም መጥቶ ራይክስሙዚየም ውስጥ የቫን ደር ሄልስትን ሥዕል የላይተር ነዳጅ ረጭቶ ለኮሰው።

እነዚህ ሰዎች ታመዋል ያሉት ሐኪሞችና ፍርድ ቤቶች ናቸው። እኔና እናንተ ከቪዲዮ ላይ ልንለው አንችልም። አንድ ሰው ሥዕል ስለቀደደ ብቻ «እብድ ነው» ስንል በየቤቱ ታመው ማንንም ሳይነኩ የሚኖሩትን ሁሉ ከእሱ ጋር እንፈርጃለን። ደግሞ ጥያቄውን ሳንጠይቀው እንዘጋዋለን። የአእምሮው ጉዳይ መጨረሻ የሚመጣ፣ ባለሙያ የሚመልሰው ነው።

ጥያቄዎቹን ባርኔት ኒውማን ላይ ሞክሯቸው

ጥያቄዎቹን የምለማመድባት ሥዕል አንድ ናት። አሜሪካዊው ባርኔት ኒውማን በ1960ዎቹ መጨረሻ የሣላት ናት። ርዕሷ «ቀይን፣ ቢጫንና ሰማያዊን ማን ይፈራል?» ነው፤ በዚህ ርዕስ ከሣላቸው ሦስተኛዋ ናት። ከአምስት ሜትር በላይ ስፋት አላት። ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ቀይ ናት፤ በአንድ ጠርዝ ሰማያዊ ሰረዝ፣ በሌላው ቀጭን ቢጫ። የአምስተርዳሙ ስቴድሊክ ሙዚየም ንብረት ናት።

በማርች 1986 አንድ ሰው በካተር ከዳር እስከ ዳር ቀደዳት። የስንጥቁ ርዝመት ሲደመር 15 ሜትር ይጠጋ ነበር። ሰውዬው ራሱ ሰዓሊ ነው፤ ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕልን የሚጠላ። ብዙ ሰውም ደግ አደረገ አለ። «ይሄን እኔም እስለዋለሁ» የሚል ሰው በየአገሩ አለ፤ ያኔ ለቢላዋው አጨበጨበ። ፍርድ ቤቱ ለወራት አሰረው፣ ለዓመታት ሙዚየሙ እንዳይደርስም ከለከለው።

አሁን ጠይቁ። የማን ነበረች? የከተማው ሕዝብ። ማን እሺ አለ? ማንም። ምን ቀረ? ስንጥቅ። እስከዚህ ቀላል ነው።

ከዚያ ሥዕሏ ለጥገና ኒውዮርክ ተላከች። ዓመታት ፈጅታ በ1991 ተመለሰች። ያዩዋት ባለሙያዎች ደነገጡ። የኒውማን ቀይ በስሱ በስሱ እየተደራረበ የተቀባ ስለሆነ ጥልቀት ነበረው። የተመለሰው ቀይ ግን ደረቅ ነበር። የወንጀል ምርመራ ላቦራቶሪ ሲያየው ቀዩ በሩሎ እንደ ግድግዳ እንደተቀባ ደመደመ። ጠጋኙ አስተባበለ፤ የአምስተርዳምን ከተማም ከሰሰ፤ ነገሩ በስምምነት ተዘጋ።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። በቢላ የቀደደው ሰው በቀዳዳዎቹ መካከል የኒውማንን ቀለም እንዳለ ትቶት ነበር። ስንጥቅ ሊሰፋ፣ ሊሞላ ይችላል። ቀለሙን የሸፈነው በውል የተቀጠረ፣ የተከፈለው፣ ማንም ጤንነቱን ያልጠረጠረው ሰው ነው። መጀመሪያ ስለ ዕቃው ጠይቁ ያልኩት ለዚህ ነው። ሰውዬውን ብቻ ብንመለከት ኖሮ ሁለተኛውን ጥፋት አናየውም ነበር።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በኖቬምበር 1997 ያው ሰው ካተር ይዞ ተመለሰ። ቀይዋን ፈለጋት፤ አልተሰቀለችም። ስለዚህ «ካቴድራ» የምትባለውን የኒውማን ትልቅ ሰማያዊ ሥዕል ቀደደ። በዚህኛው ጊዜ ግን በአእምሮ ህመም ምክንያት ለድርጊቱ ተጠያቂ አይሆንም ተባለ። ያው እጅ፣ ያው መሣሪያ፣ ያው ሙዚየም፤ ሁለት የተለያየ ፍርድ። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ሰው በ11 ዓመት ውስጥ ይታመማል። በሥዕሎቹ ላይ የደረሰው ግን በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው። «ካቴድራ»ን የሙዚየሙ የራሱ ባለሙያዎች ዓመታት ወስደው ጠገኗት፤ ይሄኛው ጥገና የተመሰገነ ነው።

ፊት ለፊታችሁ ቢደርስ

ራቁ። ሰውዬውን ለመያዝ አትሞክሩ፤ አሲድ ሊሆን ይችላል። ጥበቃውን ጥሩ። የፈሰሰ ነገር ካለ በሶፍትም በስካርፍም አትጥረጉ፤ መጥረግ ቀለም ያነሳል። በ1990 የሬምብራንት «የሌሊት ዘብ» ላይ አሲድ ሲረጭ የሙዚየሙ ሰዎች ወዲያው ውሃ ረጩበት፤ ጉዳቱም ቀለሙን በሚሸፍነው ግልጽ ልባስ፣ ቫርኒሹ ላይ ቀረ። ያ ግን የሰለጠነ ሰው ሥራ ነው። የወደቀ ስብርባሪ አታንሱ። ፒዬታ በተመታች ዕለት ሰዎች ስብርባሪዋን ለቅመው ሄዱ፤ የተመለሰው ሁሉም አይደለም። ቀርጻችሁ ከሆነ ለፖሊስ ስጡት።

ስሙን ግን አታሰራጩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ356 በኤፌሶን የአርጤምስን ቤተ መቅደስ አንድ ሰው ያቃጠለው ስሙ እንዲቀር ብሎ ነው። የከተማው ሰዎች ስሙ እንዳይጠራ ከለከሉ፤ አንድ ታሪክ ጸሐፊ ግን ጻፈውና እስከ ዛሬ አለ። ከእኔ አታገኙትም። ሼር ማድረግ ካለባችሁ የሠሪውን ስም፣ የሥራውን ርዕስ፣ የት እንደሚገኝና ይጠገን እንደሆነ ጻፉ።

አምስተርዳም ከመጣችሁ

ሦስቱ ሙዚየሞች፣ ራይክስሙዚየም፣ ቫን ጎግ ሙዚየምና ስቴድሊክ፣ በአንድ አደባባይ ዙሪያ ናቸው። ሦስቱንም በአንድ ቀን አትሞክሩ፤ ዓይን ይደክማል። ራይክስሙዚየም ጠዋት ግቡ፣ ሰው ሳይበዛ። «የሌሊት ዘብ» በ1911፣ በ1975 እና በ1990 ተጠቅቷል። የ1975ቱ በቢላ ነው፤ ሸራው ተቀዶ ነበር። መጀመሪያ ከሩቅ እዩት። ከዚያ ወደ ጎን ሄዳችሁ ከማዕዘን ተመልከቱ። የጠገኑት እጆች ምን ያህል እንደተጠነቀቁ የሚገባችሁ ያኔ ነው።

ቫን ጎግ ሙዚየም ውስጥ የአልመንዱን አበባ ፈልጉ። የተሣለበትን ወር እያሰባችሁ እዩት።

የኒውማን ሥዕል ስታገኙ ደግሞ ቅረቡ። ኒውማን በ1951 ኤግዚቢሽኑ ላይ ትልልቅ ሥዕሎቹ በቅርብ እንዲታዩ ማስታወሻ ለጥፎ ነበር። ሰዓሊው ቅረቡ ይላል፣ እኛ ጥበቃዎች ራቁ እንላለን። መሬት ላይ ያለችውን መስመር ሳታልፉ፣ እጃችሁን ወደኋላ አጣምራችሁ፣ ቀለሙ የዓይናችሁን ዳርና ዳር እስኪሞላ ቁሙ። ለአንድ ደቂቃ ስልክ አታውጡ። የጀርባ ቦርሳችሁን መግቢያው ላይ ተዉት። በሥራዬ የሚያስጨንቀኝ ቢላ የያዘ ሰው አይደለም፤ ሰልፊ ሊነሳ ቦርሳ አዝሎ ወደ ሥዕል የሚያፈገፍግ ሰው ነው። የትኛው ሥዕል የት ጋ እንደተጎዳ ማወቅ ከፈለጋችሁ አጠገቡ የቆመውን ጥበቃ ጠይቁ። ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ስንጠየቅም ደስ ይለናል።